ቀብድ፣ ሐዋላና ችሎት፦ ድንበር ተሻጋሪ የተቋራጭ ሥራ በአራዳ

«ተቋራጭ» የሚለው ቃል የመጣው ዋጋ ከመቁረጥ ነው። አሠሪና ባለሙያ ተቀምጠው ሥራው ይህ፣ ዋጋው ይህ፣ የሚያልቅበትም ቀን ይህ ብለው ከቆረጡ በኋላ አሠሪው ባለሙያው በስንት ሰዓት እንደሚነሣ ወይም ከማን ጋር እንደሚሠራ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ያለቀውን ሥራ ነው። ሥራው ቢበላሽ ኪሳራው የተቋራጩ ነው፤ ቶሎ ቢያልቅለት ትርፉም የእርሱ ነው። በግንበኞችና በአናጢዎች ዘንድ «የቁርጥ ሥራ» የሚባለው ይኸው ሲሆን፣ ከወር ደመወዝም ሆነ ከቀን ሠራተኛ ክፍያ የሚለየው በዚሁ ነው።

ሁለቱ ወገኖች በአንድ ከተማ ሲኖሩ ይህ ዓይነቱ ውል ብዙም አያስቸግርም። ተቋራጩ ገንዘቡን ቢከለከል ደጅ ይጠናል፤ ሽማግሌ ይልካል፤ ካልሆነለትም ይከሳል። አንደኛው ወገን የሌላ አገር ሰው ሲሆን ግን ሁለት ጥያቄዎች ይቀድማሉ። የመጀመሪያው ገንዘቡ በምን መንገድ፣ በየትኛውስ መገበያያ ይደርሳል የሚለው ነው። ሁለተኛው ደግሞ ክርክር ቢነሣ በማን ሕግና በየትኛው ችሎት ይዳኛል የሚለው ነው። ይህ አጭር ጽሑፍ ሁለቱን ጥያቄዎች በአራዳ ላይ አሳርፎ ይመረምራል። አራዳ የተመረጠው ነገሩን ከሁለቱም አቅጣጫ ያየ ሰፈር በመሆኑ ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከባሕር ማዶ የመጡ መሐንዲሶች፣ ግንበኞችና ነጋዴዎች ከቤተ መንግሥቱ ጋር ዋጋ ይቆርጡ የነበረው በዚሁ አካባቢ ነው። ዛሬ ደግሞ እዚያው ፒያሳ ተቀምጦ ሶፍትዌር እየጻፈ፣ ሥዕላዊ ንድፍ እየሠራ ወይም እየተረጎመ ከውጭ አገር ደንበኛ ገንዘብ የሚጠብቀው ተቋራጭ ኢትዮጵያዊው ነው። የጽሑፉ መከራከሪያ አንድ ነው፦ በሁለቱም ዘመን ሕጉ የተከተለው ጉልበት ያለውን ወገን ስለሆነ፣ የተቋራጩ እውነተኛ ዋስትና ያረፈው ሥራው ከመጀመሩ በፊት በእጁ በገባው ነገር ላይ ነው።

ከባሕር ማዶ የመጣ ሙያ

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከመቆርቆሯ በፊት የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ የአውሮፓ ባለሙያ እንዲፈለግላቸው ኤደን ለነበረ የንግድ ቤት አስታውቀው ነበር። በዚሁ መሠረት በዙሪክ የቴክኒክ ከፍተኛ ትምህርት ቤት የተማረው ስዊዘርላንዳዊው አልፍሬድ ኢልግ ሁለት የእጅ ባለሙያዎችን አስከትሎ በ1871 ዓ.ም. አንኮበር ገባ። ዛሬ በውጭ አገር ባለሙያ የሚቀጥሩ ድርጅቶች እንደሚያደርጉት ሁሉ ያኔም ቅጥሩ የተፈጸመው በአገናኝ ነበር፤ አሠሪውና ሠራተኛው ሳይተያዩ፣ በመካከል የቆመ ነጋዴ ለሁለቱም ቃል ገብቶ። ኢልግ መጀመሪያ ጫማ፣ ቀጥሎም ጠመንጃ እንዲሠራ ታዝዞ ነበር መባሉ በብዙዎች የተተረከ ነው። ትረካው ፈገግ ቢያሰኝም አንድ ቁም ነገር ይዟል፤ የሥራው ዓይነት አስቀድሞ አልተቆረጠም ነበር ማለት ነው። በዚህ መለኪያ ኢልግ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ተቋራጭ ሳይሆን የንጉሡ አገልጋይ ነበር። ኋላ ግን ድልድይ፣ የቤተ መንግሥት የቧንቧ ውሃ፣ በመጨረሻም የባቡር ሐዲድ እየተባለ ሥራው በተለየ ቁጥር የተለየ ስምምነት ተደረገለት።

ከዐድዋ ድል በኋላ ከተማዋ ስትሰፋ የባለሙያው ብዛትና ዓይነትም ጨመረ። ከሕንድ ግንበኞችና አናጢዎች መጡ፤ ከእነርሱም ሐጂ ቃዋስና ወሊ መሐመድ በቤተ መንግሥቱና በከተማዋ ግንባታዎች ስማቸው ይነሣል። አርመኖች በወርቅ ሥራ፣ በንግድና በግንባታ ተሰማሩ፤ ሚናስ ኸርበኪያን በአራዳ አካባቢ ከሠሩት አንዱ ነው። ግሪኮችም ነበሩ። የቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል ንድፍ የሚሰጠው ለሴባስቲያኖ ካስታኛ ነው፤ ካስታኛ በዐድዋ ተማርኮ በአገሩ ከቀሩት ጣሊያኖች አንዱ ነበር። የእርሱ ጉዳይ ለዚህ ጽሑፍ ልዩ ትርጉም አለው። ምርኮኛ በነበረበት ጊዜ የሠራው ሥራ ዋጋ የተቆረጠበት አልነበረም፤ ከጥቅምት 1889 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ውል በኋላ ግን ምርኮኞቹ ነፃ ስለወጡ፣ ለመቅረት የመረጠው ጣሊያናዊ ለያንዳንዱ ሥራ መዋዋል የሚችል ሰው ሆነ። ያው ሰው፣ ያው ድንጋይ፣ ያው ከተማ፤ የተለወጠው ሕጋዊ ማንነቱ ብቻ ነው።

በዚህ ላይ የአገሬው ባለሙያ ሁኔታ መጠቀስ አለበት። ከፒያሳ አጠገብ ያለው ሠራተኛ ሰፈር ስሙን ያገኘው በቤተ መንግሥቱ ሥር ከነበሩ የእጅ ባለሙያዎች ነው። እነዚህ ሰዎች የሚሠሩት በቁርጥ አልነበረም፤ በማደሪያና በቀለብ የሚኖሩ የግቢ ሠራተኞች ነበሩ። ሰፈሮቹን ለጎበኘ ተመራማሪ የስሞቹ ልዩነት ራሱ ይናገራል። አርመናዊው ነጋዴ ሠርኪስ ቴርዚያን በስሙ የሚጠራ ሰፈር ሲያተርፍ፣ የአገሬዎቹ ባለሙያዎች «ሠራተኛ» በሚል የወል ስም ታለፉ።

ክፍያው በምን ይደርስ ነበር?

በዘመኑ የታወቀው መገበያያ ጠገራ ብር፣ ማለትም የማሪያ ቴሬዛ ታለር ነበር። የአንዱ ክብደት 28 ግራም ያህል ሲሆን፣ የትም ቢመታ የሚታተምበት ዓመት 1780 እ.ኤ.አ. ነው። አንድ ሺህ ጠገራ 28 ኪሎ ይመዝናል ማለት ነው። ገንዘቡን ከአዲስ አበባ ወደ ጠረፍ ለማውረድ በቅሎ፣ ጠባቂና ሳምንታት ያስፈልጉ ስለነበር፣ የክፍያው መንገድ ራሱ ከክፍያው መጠን የማይተናነስ የድርድር ጉዳይ ነበር። ሌላም ችግር ነበረ። ከ1860ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ በዓለም ገበያ የብር ማዕድን ዋጋ ከወርቅ አንጻር እየወረደ ሄዷል። በጠገራ የተዋዋለ ግንበኛ በአራዳ ገበያ የሚገዛው እህልና በግ ብዙም ላይለወጥበት ይችላል፤ ለቤተሰቡ ወደ ቦምቤይ ወይም ወደ አውሮፓ የሚልክ ከሆነ ግን በፍራንክና በፓውንድ ሲሰላ ዋጋው በየዓመቱ ይሸራረፍበታል። ምኒልክ ከ1886 ዓ.ም. ጀምሮ የራሳቸውን ብር በፓሪስ ቢያሠሩም ገበያው ጠገራውን ቶሎ አልለቀቀም፤ ስለዚህ የምንዛሪው ሥጋት ከተቋራጩ ትከሻ አልወረደም።

በጥሬ ገንዘብ መክፈል በማይቻልበት ጊዜ የሚሰጠው የክፍያ ትእዛዝ ነበር። ለዚህ በጣም የታወቀው ማስረጃ የአርቱር ራምቦ ነው። ራምቦ በ1879 ዓ.ም. ያመጣው ሸቀጥ እንጂ ሙያ ስላልነበረ ተቋራጭ ሊባል አይችልም፤ የክፍያው ጉዞ ግን የዘመኑን አሠራር ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። ለጠመንጃው ዋጋ እንጦጦ ላይ ተደራደረ፤ ከዋጋው ላይ የሟች ሸሪኩ ዕዳ ተቀነሰበት፤ ለቀሪው ደግሞ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ በተያዘችው ሐረር ላይ ራስ መኰንን (ያኔ ደጃዝማች) እንዲከፍሉት ትእዛዝ ተሰጠው። ሐረር ሲደርስ በቂ ጥሬ ገንዘብ ስላልነበረ በምፅዋ የሚመነዘር ወረቀት ተቀበለ። ምፅዋ ሲደርስ ደግሞ የጉዞ ሰነድ የለህም ተብሎ ተያዘ። አንድ ክፍያ ሦስት ከተማና ሁለት መንግሥት ተሻገረ፤ በእያንዳንዱም ደረጃ ያልተጠበቀ ነገር ገጠመው። ራምቦን ለማዘን የሚቸኩል አንባቢ ካለ፣ ሸቀጡ ጠመንጃ እንደነበር ማስታወሱ ይበቃል።

ባንክ ከመምጣቱ በፊት ገንዘብ የሚሻገረው በነጋዴዎች ወረቀት ነበር። በአራዳ ትልቅ መደብር የነበረው የሕንዶቹ የመሐመድአሊ ድርጅት ከ1929 ዓ.ም. የጣሊያኖች ማባረር በፊት ከነበሩት ዋነኛ የንግድ ቤቶች አንዱ ነው። እንዲህ ያለ ነጋዴ በኤደንና በቦምቤይ ቤት ወይም ወኪል ስላለው፣ አዲስ አበባ ላይ ጠገራ ተቀብሎ እዚያ እንዲከፈል ለመጻፍ ይመቸዋል። ዛሬ «ሐዋላ» የሚባለው መሠረቱ ይኸው ነው፤ ገንዘቡ አይጓዝም፣ የሚጓዘው እምነት ነው። በ1897 ዓ.ም. ከግብፅ ብሔራዊ ባንክ ጋር በተደረገው ስምምነት የአቢሲኒያ ባንክ ለ50 ዓመት ብቸኛ መብት ተሰጥቶት በ1898 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ይህን መንገድ ወደ አንድ መስኮት ለመሰብሰብ ታስቦ ነበር። ባንኩ የባንክ ኖት ያወጣው ግን ከ10 ዓመት ገደማ በኋላ ነው።

ሦስተኛው የክፍያ ዓይነት ገንዘብ ሳይሆን መብት ነበር። ኢልግ በ1886 ዓ.ም. የባቡር ሐዲድ ለመዘርጋት የ99 ዓመት ፈቃድ ተሰጠው። ይህ ለውለታው ሽልማት ብቻ ተደርጎ መወሰዱ ትክክል አይመስልም፤ ግምጃ ቤቱ የማይችለውን ክፍያ ከወደፊት ገቢ ላይ ማስተላለፍ ነው። ሥጋቱም አብሮ ተላልፏል። ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ሲደርስ ኩባንያው በገንዘብ ችግር ውስጥ ነበር፤ ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. በሌላ ኩባንያ እጅ ነው። መሬትም እንዲሁ የክፍያ መልክ ነበር። በ1900 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባ የመሬት ይዞታን የሚመለከት ሕግ ወጥቶ የውጭ አገር ሰዎችም በከተማዋ ቦታ የሚይዙበት መንገድ ሲከፈት፣ በአራዳ ዙሪያ የድንጋይና የሰገነት ቤቶች በፍጥነት በዙ። ቦታ የተሰጠው ተቋራጭ ዋጋውን በእጁ ይዟል፤ ይሁንና ዋጋው ተነቅሎ የማይሄድ በመሆኑ ራሱም አብሮ ይታሰራል። አሠሪው ጥሬ ገንዘብ ሳያወጣ ባለሙያውን በከተማው አስቀረ ማለት ነው።

የሠርኪስ ቴርዚያን ባቡር ከዚህ ሁሉ ለየት ያለ ትምህርት ትቷል። በመንገድ ላይ የሚሄድ የእንፋሎት ሞተር ከጠረፍ አንሥቶ አዲስ አበባ ድረስ አስገባ፤ ተአምር የተባለለት ሥራ ነበር። መንገድ ለመዳመጥ አገልግሎ ሲሰበር ግን የሚጠግነው ጠፍቶ በቆመበት ቀረ፤ ሰፈሩም «ሰባራ ባቡር» ተባለ። ማሽኑን የማድረስ ሥራ ተፈጽሟል፤ ማሽኑን የማኖር ሥራ ግን የማንም ኃላፊነት ሳይሆን ቀርቷል። የጥገና ግዴታን ያልጠቀሰ ውል የሚያስከትለውን ለተማሪዎች ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ የመንገድ ምልክት ማግኘት ያስቸግራል።

ሕጉ ማንን ይከተል ነበር?

በጥር 1900 ዓ.ም. ኢትዮጵያና ፈረንሳይ የተፈራረሙት፣ በፈረንሳዩ መልእክተኛ ስም የክሎቡኮቭስኪ ውል የሚባለው ስምምነት፣ በአንቀጽ 7 የዳኝነትን ነገር ወሰነ። ፈረንሳዮች እርስ በርሳቸው ሲካሰሱ የሚዳኛቸው ቆንስላቸው ሆነ። ክርክሩ በፈረንሳዊና በኢትዮጵያዊ መካከል ሲሆን ግን ኢትዮጵያዊ ዳኛና ቆንስሉ ባሉበት ችሎት ይታያል፤ የሚሠራበትም ሕግ የተከሳሹ ሕግ ነው። ሌሎች መንግሥታት ለእኛም እንደዚያው ይሁንልን የሚያሰኝ ሐረግ በየውላቸው ስለነበራቸው ይኸው መብት ለዜጎቻቸውም ተዳረሰ። ኋላም ልዩ ፍርድ ቤት ተብሎ ተቋማዊ መልክ ያዘ፤ ያከተመውም ከጣሊያን ወረራ ጋር ነው።

«የተከሳሹ ሕግ» የሚለው መርሕ በሁለቱም በኩል እኩል ይመስላል። በተቋራጭ ውል ላይ ሲያርፍ ግን ሚዛኑ ያዘነብላል። በግንባታ ውስጥ ትልቁ የክስ ምንጭ የሥራ ጉድለት ነው፤ ግድግዳ ይሰነጠቃል፣ ጣሪያ ያፈሳል፣ ድልድይ ይዘገያል። በዚህ ጊዜ ከሳሹ አሠሪው፣ ተከሳሹ ተቋራጩ ነው። ተቋራጩ ፈረንሳዊ ከሆነ ጉዳዩ በፈረንሳይ ሕግ፣ ቆንስሉ በተቀመጠበት ችሎት ይታያል። ኢትዮጵያዊው አሠሪ ደግሞ ከፋይ ሆኖ ሲከሰስ በአገሩ ሕግ ይዳኝ እንጂ ችሎቱ ያው ቆንስሉ ያለበት ነው። ስለዚህ የውጭው ተቋራጭ በሚከሰስበት ጊዜ ሕጉም ዳኛውም፣ በሚከስበት ጊዜ ደግሞ ቢያንስ አንደኛው ዳኛ ከጎኑ ነበር። ቤተ መንግሥቱ ለውጭ ባለሙያ ቅድሚያ ክፍያ ከማውጣት ይልቅ ሥራውን እያየ፣ ወይም በመሬትና በፈቃድ፣ መክፈልን የሚያስመርጥበት በቂ ምክንያት ነበረው ለማለት ይህ ብቻውን ይበቃል።

የአቅጣጫው መገልበጥ

ዛሬ በአራዳ ክፍለ ከተማ የምትኖር አንዲት የሶፍትዌር ባለሙያ በምሳሌነት ትወሰድ። ደንበኛዋ አሜሪካ ያለ ድርጅት ነው። የተላከላት ውል «ራሷን የቻለች ተቋራጭ» ይላታል፤ የሚገዛው ሕግ የአንድ የአሜሪካ ግዛት ሕግ እንደሆነ፣ ክርክር ቢነሣም በዚያው ግዛት ፍርድ ቤት እንደሚታይ ይገልጻል። ከመቶ ዓመት በፊት ሕጉን ተሸክሞ የሚመጣው ተቋራጩ ነበር፤ አሁን የሚልከው አሠሪው ነው። በሁለቱም ጊዜ ግን የአራዳው ሰው በሌላ ሰው ሕግ ይዳኛል።

በቅድሚያ የሚነሣው ባለሙያዋ በእርግጥ ተቋራጭ ናት ወይ የሚለው ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ጥሩ መለኪያ ይሰጣል። በቁጥር 2610 መሠረት የሥራ ተቋራጭ በራሱ ኃላፊነት የተወሰነ ውጤት ለማስገኘት ግዴታ የሚገባ ሰው ነው፤ የእውቀት ሥራን የሚመለከተው ደግሞ በቁጥር 2632 ተደንግጓል። ቁጥር 2134ም ነፃነቱን እንደጠበቀ የሚቆጠር ሠራተኛ ለሚያጠፋው ጥፋት ሥራውን ያዘዘው ሰው ኃላፊ እንደማይሆን ይናገራል። በሌላ በኩል የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 4 የሥራ ውልን የሚለየው በአሠሪው አመራር ሥር ለደመወዝ በመሥራት ነው፤ በአንቀጽ 3 ደግሞ በራሱ የንግድ ሥራ ወይም በራሱ ሙያዊ ኃላፊነት የሚሠራን ሰው ከአዋጁ ውጭ ያደርገዋል። ወሳኙ ነገር አመራር ነው። ደንበኛው በየቀኑ የምትገባበትን ሰዓት የሚወስን፣ ለሌላ እንዳትሠራ የሚከለክል፣ ፈቃድ ስትወጣ የሚያስጠይቅ ከሆነ በወረቀቱ ላይ የተጻፈው ስም ብዙም አይረዳውም። የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጣው ምክረ ሐሳብ ቁጥር 198ም በስሙ ሳይሆን በተጨባጩ ግንኙነት መመዘን እንደሚገባ ያሳስባል።

ልዩነቱ የቃላት ጨዋታ አይደለም። ሠራተኛ ብትባል በመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀናት የዓመት ፈቃድ፣ 120 ቀናት የወሊድ ፈቃድ፣ ያለ በቂ ምክንያት ከመሰናበት ጥበቃ፣ እንዲሁም በአዋጅ ቁጥር 1268/2014 መሠረት አሠሪው የሚያዋጣላት 11 በመቶ የጡረታ መዋጮ ይኖራት ነበር። ተቋራጭ ስትባል እነዚህ ሁሉ ከቆረጠችው ዋጋ ውስጥ መውጣት አለባቸው። ዋጋዋን ስታሰላ በአዲስ አበባ ካለ ደመወዝተኛ ወርኃዊ ገቢ ጋር ብቻ የምታነጻጽር ባለሙያ ራሷን በርካሽ ትሸጣለች። ወደ ውጭ አገር ለሥራ የሚጓዙ ኢትዮጵያውያንን የሚጠብቀው አዋጅ ቁጥር 923/2008ም አይደርስላትም፤ አዋጁ የተጻፈው ድንበር ለሚሻገር ሰው ነው፣ የእርሷ ግን ድንበር የሚሻገረው ሥራዋ ነው። ከሁለቱ ጥበቃዎች መካከል የወደቀ ይህ ክፍተት በአገራችን የሕግ ጥናት ውስጥ የሚገባውን ያህል አልተነካም።

የግብሩ ነገር ከሚታሰበው በላይ ግልጽ ነው። አሜሪካዊው ደንበኛ ደብሊው-8 ቤን የተባለውን ቅጽ እንድትሞላ ይጠይቃታል። በአሜሪካ ሕግ የግል አገልግሎት ገቢ የመነጨበት ቦታ ሥራው የተሠራበት ስለሆነ፣ ፒያሳ ለተሠራ ሥራ 30 በመቶው ተቀናሽ አይመለከታትም። የኢትዮጵያ የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ግን በአገሩ ነዋሪ የሆነን ሰው የትም ባገኘው ገቢ ላይ ስለሚያስከፍል፣ ገቢዋን በንግድ ሥራ ገቢነት ማስታወቅ አለባት። አስቸጋሪው ፈቃዱ ነው። የንግድ ፈቃድ የሥራ አድራሻ ማረጋገጫ ይጠይቃል፤ ላፕቶፗን ይዛ በካፌና በዘመድ ቤት የምትሠራ ባለሙያ የኪራይ ውል የላትም። በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ብዙ የፒያሳ ቤቶች ሲነሡ ርካሽ የነበሩ ትንንሽ ክፍሎችም አብረው ስለሄዱ፣ ይህ ጥያቄ ለአራዳ ነዋሪ የበለጠ ከብዷል።

ዶላሩ፣ ባንኩና ጎረቤት

እስከ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ድረስ አንድ ሺህ ዶላር በባንክ የመጣላት ባለሙያ 57 ሺህ ብር ገደማ ትቀበል ነበር፤ በትይዩ ገበያ ግን ወደ እጥፍ የሚጠጋ ዋጋ ነበረው። በሕጋዊው መንገድ መሄድ የገቢዋን ግማሽ ያህል ያሳጣት ነበር ማለት ነው። ብዙዎች ለምን ዶላሩን ውጭ ላለ ዘመድ አስልከው እዚህ በብር እንደተቀበሉ ለማስረዳት ሌላ ምክንያት መፈለግ አያሻም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪውን ዋጋ ለገበያ ሲለቅ የንግድ ባንክ ተመን በአንድ ቀን ከ57 ወደ 74 ብር ዘለለ፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥም ከ100 አለፈ። በዚያው ማሻሻያ ከውጭ ምንዛሪ የሚከፈላቸው ነዋሪዎች የውጭ ምንዛሪ ሒሳብ መክፈት እንዲችሉ ተፈቀደ።

ለተቋራጭ ከዚህ የሚገኘው ትምህርት የጠገራውን ዘመን ያስታውሳል። በብር የተቆረጠ ዋጋ የነበራት ባለሙያ በዚያ ሰሞን በዶላር ሲሰላ ሩቡን ያህል በአንድ ቀን አጣች፤ በዶላር የቆረጠችው ግን በብር ሲሰላ አተረፈች። ስለዚህ የመገበያያው ዓይነትና የሚመነዘርበት ቀን በውሉ መጻፍ አለባቸው። ከምንዛሪው ልዩነት ያላነሰ ቁም ነገር ደግሞ ማስረጃ ነው። በዘመድ በኩል የመጣ ገንዘብ የማንም ክፍያ አይመስልም። ደንበኛው የመጨረሻውን ክፍያ ቢክድ፣ ቀደም ሲል በየወሩ በባንክ የገባው ገንዘብ ውሉ እንደነበረና ሥራው እንደተወደደ የሚያሳይ በእጇ ያለ ዋነኛ ሰነድ ነው። በሐዋላ የተቀበለች ባለሙያ ይህን ሰነድ በጥቂት ብር ሸጣዋለች።

ከክስ የሚቀድመው ቀብድ

ክስ ግን ምን ያህል ያዋጣል? በአዲስ አበባ ተከራክራ ብትረታ እንኳ ፍርዱ የሚፈጸምበት ንብረት ያለው በደንበኛው አገር ነው፤ የኢትዮጵያ ፍርድ በዚያ መፈጸሙም በዚያ አገር ሕግ ላይ ይመሠረታል። የእኛም የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ በቁጥር 458 የውጭ ፍርድን ለመፈጸም ያ አገር የእኛን ፍርድ የሚፈጽም መሆኑን በቅድመ ሁኔታነት ያስቀምጣል። የግልግል ዳኝነት የተሻለ በር ከፍቷል። ኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 1184/2012 የኒውዮርክን ስምምነት ስላጸደቀች፣ በአዋጅ ቁጥር 1237/2013 መሠረት አዲስ አበባ ላይ የተሰጠ የንግድ ግልግል ውሳኔ በስምምነቱ አባል አገሮች ሊፈጸም ይችላል። በውሉ ውስጥ «የግልግሉ መቀመጫ አዲስ አበባ ይሁን» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ማስገባት ምንም አያስከፍልም። ይሁንና የክርክሩ ገንዘብ ሁለትና ሦስት ሺህ ዶላር ሲሆን የገላጋዮቹ አበልና የጠበቃው ክፍያ ከዋናው ይበልጣል። ለትንሽ ተቋራጭ ይህ በር ክፍት ቢሆንም መግቢያው ውድ ነው።

ስለዚህ ወደ ጥንቱ ቀብድ መመለስ ያስፈልጋል። የፒያሳ ወርቅ ሠሪ ማዕድኑንም ጊዜውንም ከማውጣቱ በፊት ቀብድ ይቀበላል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ከቁጥር 1883 እስከ 1885 ይህንኑ ልማድ ሕግ አድርጎታል፦ ቀብድ መስጠት ውሉ መደረጉን ያስረዳል፤ የሰጠው ወገን ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ቢተው ደግሞ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። እዚህ ላይ ብዙዎች የሚስቱት ነገር አለ። ቀብድና ቅድሚያ ክፍያ አንድ አይደሉም። ቀብድ ለሁለቱም ወገን የመውጫ ዋጋ ነው፤ ተቃራኒ ስምምነት ከሌለ ደንበኛው ቀብዱን ትቶ መሄድ መብቱ ነው። መቶ ዶላር ቀብድ የተቀበለች ባለሙያ ደንበኛዋ በመቶ ዶላር እንዲለያት ፈቅዳለች። ቅድሚያ ክፍያ ግን የዋጋው አካል ሲሆን ከውሉ መውጫ አይሆንም። ባለሙያዋ የምትፈልገው ሁለተኛውን ከሆነ በውሉ ላይ «ይህ ክፍያ ቀብድ አይደለም» ብላ በግልጽ ማስጻፍ አለባት።

የውጭ የሥራ አገናኝ መድረኮች የሚያቀርቡት «በአደራ የተያዘ ገንዘብ» ሦስተኛ ነገር ነው። ገንዘቡ ከደንበኛው እጅ ወጥቷል፤ ወደ ተቋራጩ ግን አልገባም። ደንበኛው እንዳይክድ ይጠቅማል፤ ነገር ግን ሥራው አልቋል አላለቀም የሚለውን የሚወስነው መድረኩ ስለሆነ ዳኝነቱ ለሌላ የሩቅ ችሎት ተላልፏል፤ የመድረኩ ኮሚሽንም ከዋጋው ላይ ይነሣል። ከዚህ የሚመረጠው ሥራውን መከፋፈል ነው። የዋጋው ሲሶ ከመጀመሪያ፣ ሲሶው ሥራው እኩሌታ ሲደርስ፣ የቀረው ሥራው ሲያልቅ ግን የመጨረሻው ፋይል ከመተላለፉ በፊት ቢከፈል፣ በየትኛውም ጊዜ ተቋራጩ የሚያጣው ከሲሶ አይበልጥም። የኮዱ ወይም የንድፉ ባለቤትነትም ለደንበኛው የሚተላለፈው በውሉ ፊርማ ቀን ሳይሆን የመጨረሻው ክፍያ ባንክ በገባበት ቀን እንደሆነ መጻፍ አለበት፤ ብዙ ከውጭ የሚላኩ ውሎች የሚያደርጉት ተቃራኒውን በመሆኑ፣ ከመፈረም በፊት መታየት ያለበት የመጀመሪያው አንቀጽ ይኸው ነው።